ሊስትሮው ሳጥኑን ሁለቴ ይመታል፦ የ8 ሰከንድ አኒሜሽን፣ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ

ቸርችል_ቁልቁለት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። በብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ሶፍትዌር) የሠራሁትን አጭር ቪዲዮ ለጥፌያለሁ። 8 ሰከንድ፣ 192 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ቦታው ቸርችል ጎዳና ነው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወረድ የእግረኛው መንገድ ላይ። ሊስትሮ ልጅ የአንድ ሰውዬ ጫማ ይጠርጋል። ሰውዬው ቆሞ አንድ እግሩን ሳጥኑ ላይ አድርጓል። ልጁ ሲጨርስ «እግር ቀይር» ለማለት በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ኳ ያደርጋል። ሰውዬው ስልኩ ላይ ስለሆነ አይሰማም። ልጁ እንደገና ይመታል። ሰውዬው እግሩን ይቀይራል። አለቀ።

ልጁን ከባዶ ሞዴል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሪጉን (የሚያንቀሳቅሰውን አጥንት) በብሌንደሩ ሪጊፋይ አወጣሁት። ፀጉሩን ግን ከኢንተርኔት አውርጄ ነው። ሰውዬው የሚታየው ከወገብ በታች ብቻ ነው። ሬንደሩ (የመጨረሻውን ምስል ማውጣቱ) በዝግተኛው ሳይክልስ ስለሆነ፣ መብራትም ስለሚሄድ ሌሊቱን ፈጀ።

የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልለየሁትም። የታያችሁን ንገሩኝ።

ሀ_ብሎ_ጀማሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

ዋው! በጣም አሪፍ ነው ወንድሜ፣ በርታ! የኛን ሰፈር በ3ዲ ማየት ደስ ይላል።

ሰባራ_ባቡር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

እውነቱን ልንገርህ። ልጁ የሞተ ይመስላል። እጁ ፕላስቲክ ነው። ሞዴሉም ልጅ አይመስልም። መጀመሪያ መሠረቱን ያዝ፣ ከዚያ ወደ አኒሜሽን ትመጣለህ።

ፍሬም_በፍሬም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ሰባራ_ባቡር፣ ያልከው ውስጥ እውነት አለ። ግን የቱ ጋ? ሞተ ያልከው ስንተኛው ፍሬም ላይ ነው? ልጅ ያላስመሰለው አገጩ ነው፣ ትከሻው ነው ወይስ ዓይኑ? በዚህ አስተያየት ብቻ ቸርችል ነገ ማታ ኮምፒውተሩን ቢከፍት ምኑን ይነካል?

ሀ_ብሎም፣ ማበረታታትህ ጥሩ ነው። ግን አሪፉ ምኑ ነው? ይሄን የምጠይቅህ ለወግ አይደለም። የትኛው ነገር እንደሠራለት ካላወቀ፣ ሌላውን ሲያስተካክል እሱንም አብሮ ያጠፋዋል። እኔ ከወደድኩት ልጀምር። ከፍሬም 1 እስከ 60 ድረስ ልጁ ሲቦርሽ የጀርባው ጉብጠት በጣም ትክክል ነው። አንገቱ ወደ ጫማው መግባቱ፣ ክርኑ ከጉልበቱ ውጪ መውጣቱ ሁሉ። ቸርችል፣ ያንን ፖዝ (የሰውነት አቀማመጥ) አትንካው።

አሁን ወደ ችግሩ። መጀመሪያ ጽሑፍህን ሳላነብ፣ ድምፁንም ዘግቼ አየሁት። ያየሁት ይሄ ነው። ልጅ ይቦርሻል። ያቆማል። ሳጥን ይመታል። ያቆማል። እንደገና ይመታል። እግር ይቀየራል። ስልክ አላየሁም። ሰውዬው ልጁን እንዳልሰማው አላወቅኩም። ሁለተኛው ምት ሲመጣ ቪዲዮው ራሱን የደገመ መሰለኝ። ታሪኩ የገባኝ ጽሑፍህን ሳነብ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ሁለተኛውን ሲመታ ልጁ ምን ይሰማዋል? ተናዷል? ደክሞታል? ሰውዬውን ፈርቷል? መልስህን ሳላውቅ «እንዲህ አድርግ» ብልህ የራሴን ፊልም እያሠራሁህ ነው።

ቸርችል_ቁልቁለት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

አልተናደደም። መሽቷል፣ የመጨረሻ ደንበኛው ነው፣ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ግን ሰውዬውን «ጋሼ» ብሎ ለመጥራት ያፍራል። ስለዚህ በብሩሹ ነው የሚያወራው።

ፍሬም_በፍሬም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

በጣም ጥሩ። «በብሩሹ ነው የሚያወራው» ያልካትን ጽፈህ ስክሪንህ ጎን ለጥፋት። ፊልምህ እሷ ናት። የምጽፍልህን ሁሉ ከእሷ ጋር እያስተያየህ አንብበው፤ ካልገጠመ ተወው።

የመጀመሪያው ምት ፍሬም 62 ላይ ነው። ሁለተኛው 118 ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ኪዎቹን (ፖዙ የተመዘገበባቸውን ፍሬሞች) ገልብጠህ ነው የለጠፍካቸው፤ እጁም፣ አንገቱም፣ ፍጥነቱም አንድ ነው። የታሪኩ መላ ጉዳይ ግን በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው የልማድ ምት ነው። ልጁ በቀን ስንት ጊዜ ያደርገዋል፤ አያስብበትም። እጁ ሲመታ ዓይኑ ሌላ ቦታ መሆን ይችላል፣ ቀጣዩን ብሩሽ እየፈለገ ለምሳሌ። ሁለተኛው ግን ታስቦበት የሚመታ ነው። ከመምታቱ በፊት ይጠብቃል። ቀና ይላል። መጥራት ይፈልጋል፣ ይተወዋል። ከዚያ ነው የሚመታው። አሁን ባለው ቪዲዮ ከ70 እስከ 112 ድረስ ልጁ ደርቆ ቆሟል። ሰባራ_ባቡር «የሞተ» ያለው ይሄን ይመስለኛል። 42 ፍሬም ሙሉ ምንም ነገር ካልተንቀሳቀሰ ገጸ ባሕሪው የጠፋ ያህል ነው። ጫጫታ አትጨምርበት። ትከሻው በትንፋሽ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይበል። መጀመሪያ ዓይኑ ወደ ላይ ይሂድ፣ ከ2 ወይም 3 ፍሬም በኋላ ጭንቅላቱ ይከተል። ዓይን ሲቀድም ሰው እያሰበ ይመስላል። ጭንቅላትና ዓይን እኩል ሲዞሩ ግን ካሜራ የሚዞር ነው የሚመስለው።

የምቱ ፍጥነት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብሩሹ ከላይ ተነስቶ ሳጥኑ ጋ እስኪደርስ 9 ፍሬም ይፈጅበታል። ከፍታው በዓይን ሲገመት 10 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ማንም ሳይገፋው ከ10 ሳንቲሜትር ላይ የተለቀቀ ዕቃ መሬት ለመድረስ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቆጠር ከ3 ፍሬም ትንሽ በላይ ነው የሚፈጅበት። ያንተ ልጅ ደግሞ በጡንቻው ነው የሚመታው። 9 ፍሬም ስለሆነ ውኃ ውስጥ የሚመታ መሰለ። ማንሻው 4 ወይም 5 ፍሬም ይሁን፣ መውረጃው 2፣ ከዚያ ብሩሹ ትንሽ ነጥሮ ይመለስ። ግራፍ ኤዲተር (የእንቅስቃሴው ከርቭ የሚታይበት) ውስጥ ገብተህ የምቱን ኪ እጀታ ሹል አድርገው። ብሌንደር በራሱ የሚሰጥህ ከርቭ ጫፉ ላይ ስለሚለሰልስ ብሩሹ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። የሚመታ ነገር ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ስልኩን በተመለከተ፣ የሰውዬውን ፊት መሥራት የለብህም። አንድ እጁ ስልክ ይዞ ወደ ወገቡ ዝቅ ቢል በቂ ነው። አውራ ጣቱ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

ይሄን ሁሉ ስታደርግ ኪዎቹን ኮንስታንት አድርጋቸው። ከፖዝ ወደ ፖዝ ዘሎ ይሂድ። በዘለለው ላይ ታሪኩ ከገባን፣ ያኔ ታለሰልሰዋለህ። ጣት፣ ልብስ፣ ሬንደር ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ሰባራ_ባቡር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ፍሬም ቁጥር ተጠይቄ የለ፣ ልስጥ። የእኔ ሙያ ሞዴል ነው፤ አኒሜሽኑን ለፍሬም_በፍሬም ትቻለሁ። ቸርችል፣ ዋየርፍሬሙን (የሞዴሉን መስመሮች ብቻ የሚያሳየውን) ከፊትና ከጎን ለጥፍልኝ። ሬንደር ላይ ማቴሪያሉ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ቸርችል_ቁልቁለት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:05

ለጥፌዋለሁ። ከፊት፣ ከጎን፣ ሦስተኛው ደግሞ ፍሬም 133 ላይ ጉልበቱ ሲታጠፍ ነው።

ሰባራ_ባቡር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:48

አመሰግናለሁ፣ አሁን መነጋገር እንችላለን።

ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? 11 ወይም 12 ካልክ ቁመቱ በራሱ ጭንቅላት ሲለካ ወደ 6 ተኩል፣ ቢበዛ 7 መሆን አለበት። ያንተን ለካሁት፤ ወደ 8 ይጠጋል። 8 ጭንቅላት ማለት ግርማ ሞገስ እንዲኖረው ተብሎ የሚሳል ጎልማሳ ነው። ስለዚህ ያየሁት ልጅ ሳይሆን ያነሰ ትልቅ ሰው ነው። ሙሉውን ስኬል በማድረግ አይስተካከልም። ጭንቅላቱን አሳድገው፣ ትከሻውን አጥብበው፣ እጅና እግሩን አሳጥራቸው። አንገቱንም ቀጭን አድርገው።

ዓይኖቹ ከፍ ብለዋል። ከአገጭ እስከ አናት ለካና መሃሉን ምልክት አድርግ፤ የአዋቂ ዓይን እዚያ ላይ ነው። የልጅ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ብዙ ጀማሪ ግንባሩን ስለሚረሳው ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። የዓይን ቆብህ ውፍረት የለውም፤ እንደ ወረቀት ዓይኑ ላይ ተለጥፏል። ጠርዙን ወደ ውስጥ ኤክስትሩድ አድርገው (ገፍተህ ውፍረት ስጠው)፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሕይወት ይኖረዋል።

ቶፖሎጂው (የመስመሮቹ አደራደር) ላይ አፉ ዙሪያ ጥሩ ሠርተሃል። ሉፖቹ (ዙሪያውን የሚዞሩት መስመሮች) ከንፈሩን ክብ አድርገው ይዞራሉ፣ ቢናገርም ይታዘዝልሃል። እሱን አትፍታው። ጉልበቱ ግን ችግር ነው። አንድ ሉፕ ብቻ ነው ያለው። ሊስትሮ ቁጭ ብሎ የሚውል ገጸ ባሕሪ ነው፤ ጉልበቱ ከሌላው መገጣጠሚያ ሁሉ በላይ ይሠራል። ቢያንስ 3 ሉፕ ስጠው፣ ከፊት በኩል ሰፋ፣ ከኋላ በኩል ጠበብ አድርገህ። ከዚያ ዌይት ፔይንቱን (የትኛው አጥንት የቱን ቦታ እንደሚጎትት የሚወስነውን) እንደገና ቀባ። አርማቸር ሞዲፋየሩ ላይ «ፕሪዘርቭ ቮልዩም» (ሲታጠፍ እንዳይቀጥን የሚጠብቀውን) የሚለውን ሞክረው፣ የተወሰነውን ያድንልሃል። የተረፈውን በሼፕ ኪ (ቅርጹን በእጅህ አርመህ በምታስቀምጥበት) ታስተካክላለህ።

ሌላው፣ የሜሽህ (የሞዴሉ አካል) ስኬል አልተተገበረም። በጎኑ ፓነል ላይ 1 ሳይሆን 0.37 ይላል። ሪግ ከማድረግህ በፊት ስኬሉን አፕላይ አድርግ። ፍሬም 40 አካባቢ ክርኑ የሚዘለው ግን ሌላ ነው፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ አይኬው (እጁን ተከትሎ ክንዱን የሚያጥፈው) ይነጥቀዋል። እጁን ወደ ሰውነቱ ትንሽ አስጠጋው።

ሀ_ብሎ_ጀማሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ጉልበት ላይ ስንት ሉፕ እንደሚያስፈልግ ምኑን አውቄ ነው? ስለዚህ ከ«በርታ» ሌላ ምን ልበል?

ፍሬም_በፍሬም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:29

የምታውቀውን አልጠየቅንህም፣ ያየኸውን ነው። ፊልሙ የሚሠራው ሪግ ለሚያውቅ ሰው አይደለም። ዓይንህ የት ሄደ? የት ጋ ሰለቸህ? የት ጋ አልገባህም? እነዚህን ብቻ መልስ። ቪዲዮውን አውርደህ በቪኤልሲ ማጫወቻ ክፈተው፤ የ«ኢ» ቁልፍ አንድ አንድ ፍሬም ያራምድልሃል።

ሀ_ብሎ_ጀማሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:58

እሺ፣ እንደገና አየሁት። ልጁ ሁለተኛውን ሲመታ እኔ ልጁን አላየሁም። ከኋላ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ያልፋል፣ ዓይኔ እሱን ተከትሎ ከስክሪኑ ወጣ። ደግሞ ፍሬም 33 ላይ ብሩሹ ጫማው ውስጥ የገባ መሰለኝ። መንገዱም ሜዳ ነው። ቸርችል ሜዳ ነው እንዴ?

ፍሬም_በፍሬም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:06

ይኸው! ከሁላችንም የሚበልጥ አስተያየት ነው። ቸርችል፣ ታክሲው በደማቅ ቀለምና በትልቅ እንቅስቃሴ፣ በፊልሙ ዋና ሰዓት ላይ ነው የሚያልፈው። ተመልካች የሚያየው የሚንቀሳቀሰውን ነው። ወይ አውጣው፣ ወይ በመጀመሪያው 60 ፍሬም ውስጥ ይለፍ።

ቁልቁለቱም ትልቅ ነገር ነው። የጎዳናው ተዳፋትነት ፖዙን ሊሠራልህ ይችላል። ሳጥኑ ዘንበል እንዳይል በአንድ በኩል ካርቶን ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገባበታል። ሰውዬው ራሱ አንድ እግሩን ጠንከር አድርጎ ይቆማል።

ጥቁር_ቀለም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ስለ ብርሃኑ አንድ ሰው ማንሳት አለበት፣ እኔ ላንሳ። ቸርችል፣ «መሽቷል» ብለሃል። ጥላህ ግን ልጁ እግር ሥር አጭር ሆኖ ወድቋል። ያ የቀትር ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ግን ከምዕራብ ዝቅ ብላ ትመጣለች። ቸርችል ደግሞ በግምት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ብርሃኑ መንገዱን አቋርጦ ከጎን ነው የሚመጣው። ረጅም ጥላ፣ ሞቅ ያለ ቀለም። የሰውዬው ጥላ ልጁ ላይ ቢወድቅ ደግሞ አስበው። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ልጁን ይጋርደዋል ማለት ነው። ያ ምርጫ ያንተ ነው፣ እኔ ቢሆን ግን አደርገው ነበር።

ቆዳውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም በብዙ ሥራ ላይ ስለማየው ነው። ያወረድከውን የነጭ ሰው ቴክስቸር (የቆዳ ምስል) ነው ያጠቆርከው። ስለዚህ ቀለሙ አመድ ሆነ። ጥቁር ቆዳ የጠቆረ ነጭ ቆዳ አይደለም። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅርጹን የሚነግርህ ከጥላው ይልቅ ነጸብራቁ ነው፤ ግንባሩ ላይ፣ ጉንጩ አጥንት ላይ፣ አፍንጫው ላይ የሚያርፈው። ያንተ ልጅ ሁሉም ቦታ እኩል ደብዛዛ ነው። መላ ፊቱ ላይ አንድ ራፍነስ (ዝቅ ሲል የሚያብለጨልጭ፣ ከፍ ሲል የሚደበዝዝ) አትስጠው፤ ግንባርና አፍንጫው ላይ ዝቅ፣ ጉንጩ ላይ ከፍ አድርገው። የመሠረት ቀለሙን ከግራጫ አውጥተህ ወደ ቀይ ቡናማ ውሰደው። መዳፉ ከእጁ ጀርባ ይልቅ ፈካ ይላል፣ ያንን ረስተኸዋል።

ፀጉሩ ደግሞ ቀጥ ያለ ፀጉር ተጠምዝዞ ነው። ለአጭር ፀጉር ካርድ (ፀጉር የተሳለበት ስስ ቁራጭ) አያስፈልግህም። የጭንቅላቱን ቅርጽ ተከትለህ አንድ ስስ ቮልዩም ቅረጽ፣ ላዩን በኖርማል ማፕ (ገጹን ጎርበጥባጣ በሚያስመስል ምስል) ሸካራ አድርገው። ግንባሩ ላይ ያለው መስመር በምላጭ የተቆረጠ እንዳይመስል ጠርዙን አደብዝዘው። ከሩቅ ለሚታይ ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

ሰባራ_ባቡር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

አንድ ጥያቄ ለሁላችሁ። ለምንድነው እውነተኛ ሰው እንዲመስል የምንገፋፋው? ዓይኑን አተልቆ፣ ጭንቅላቱን አግዝፎ ካርቱን ቢያደርገው አይቀለውም? የእኔም ቁጥሮች ያኔ አይሠሩም።

እርሳስ_ይበቃል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ልጆች፣ እኔ ኮምፒውተሩን ብዙ አልነካም። ሥዕል ነው ያስተማርኩት። ግን የሰባራ_ባቡር ጥያቄ የሥዕልም ጥያቄ ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን አንበሳ ሄዳችሁ እዩት። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው ነው። ፀጉር በፀጉር አልቀረጸውም። በትላልቅ ቅርጾች ነው የሠራው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚያየው ሰው ግን አንበሳ መሆኑን ለአፍታ አይጠራጠርም። ማቅለል ማለት ይሄ ነው። ማጋነን ይቻላል፤ የምታጋንነውን ግን አስቀድመህ ማወቅ አለብህ። ልጁ የሚያወራው በእጁ ከሆነ ዓይኑን ሳይሆን እጁን አተልቀው።

ሌላ የምመክርህ ነገር አለ። ልጁን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ቀለም ሙላውና ተመልከተው። ብሩሽ መያዙ ከጥላው ብቻ ይታወቃል? ሁለተኛው ምት ላይ እጁ ከደረቱ ፊት ነው፣ ስለዚህ ጠፍቷል። ወደ ጎን አውጣው።

እንቅስቃሴውን በእውን ለማየት ወደ መንገድ ብትወጣ ደግሞ ልጆቹን ተደብቀህ አትቅረጽ። ልጆች ናቸው። ጫማህን አስጠርግ፣ ክፈል፣ አውራቸው፣ በዓይንህ ያዝ፣ እርሳስ ካለህ ንደፍ። ቪዲዮ የግድ ካስፈለገህ ቤትህ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለህ ራስህን ቅረጽ።

ቸርችል_ቁልቁለት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጥቁር ሞላሁት፣ እንዳሉት እጁ ጠፍቷል። እጁን ነው የማተልቀው፣ ዓይኑን እተወዋለሁ።

ዶሮ_ማነቂያ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:10

እኔ አኒሜሽን የሚባል አላውቅም፣ ወንድሜ ነው ይሄን የላከልኝ። ግን ልጅ ሆኜ ስታዲየም አካባቢ ጫማ ጠርጌ ነው የተማርኩት። የታየኝን ልናገር።

ልጁ ሳጥኑን በብሩሹ ፀጉር ነው የሚመታው። ድምፅ አያወጣም። ብሩሹን ገልብጠህ በእንጨቱ ነው የምትመታው። ላዩ ላይ ጫማ ስላለ ጎኑን ነው የምትመታው። ደግሞ ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው። በዚያ ሰዓት ጣትህ ጫፍ እስከ ጥፍሩ ጥቁር ነው፣ ሳሙናም አያስለቅቀውም። ሰውዬው ካልሲው እንዳይቀባ ጫማው ጎን ካርቶን እንሰካ ነበር፣ ያም የለም።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ደንበኛ ካልሰማህ ሁለተኛውን አጠንክረህ አትመታም። ያስቆጣል። አንዳንዴ ሳጥኑን ትተህ የጫማውን አፍንጫ በብሩሹ ጫፍ ነካ ነው የምታደርገው። ቀና ብለህም ፊቱን አታይም። ጫማውን ነው የምታየው። እኛ ሰው የምናውቀው በጫማው ነበር።

ቸርችል_ቁልቁለት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:36

ይሄን ማንም አይነግረኝም ነበር። በጣም አመሰግናለሁ። ግን አሁን ግራ ተጋባሁ። ፍሬም_በፍሬም ቀና ይበል ብላኛለች። አንተ ቀና አይልም ትላለህ። ሳጥኑን ይምታ ወይስ ጫማውን ይንካ?

ፍሬም_በፍሬም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

እዚህ ላይ እኔ አቆማለሁ። ሁለቱም ይሠራሉ፣ የሚነግሩት ግን ሌላ ሌላ ነው። ቀና ካለ «ልጥራው ወይስ አልጥራው» የሚል ልጅ ነው። ጫማውን ከነካ መጥራቱን ከተወ ቆይቷል። ያንተን ልጅ የምታውቀው አንተ ነህ። የእኛ አስተያየት ምርጫውን ግልጽ ካደረገልህ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ አልፈን ብንመርጥልህ ፊልሙ የማንም አይሆንም።

ሁለቱንም በኮንስታንት ፖዝ ሠርተህ ጎን ለጎን እያቸው። ሳይክልስ አያስፈልግም። በቪውፖርት (በመሥሪያው መስኮት እንደሚታየው) ግራጫ አድርገህ አውጣው፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ መብራት ቢሄድም አትናደድም። አውትፑት ውስጥ ሜታዳታ የሚለው ጋ ገብተህ የፍሬም ቁጥሩ ምስሉ ላይ እንዲጻፍ አድርግ። እኛም «እዚያ ጋ» ከማለት እንድናለን።

ቸርችል_ቁልቁለት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:20

ሁለተኛውን ለጥፌያለሁ። ግራጫ ነው፣ ቁጥር አለው። ጫማውን መንካቱን መረጥኩ። 62 ላይ ሳጥኑን ይመታል፣ ሳያይ። ከዚያ ይጠብቃል። ቀና ማለት ይጀምርና ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ይተወዋል። 121 ላይ የጫማውን አፍንጫ ነካ ያደርጋል። ታክሲውን አውጥቼዋለሁ። መንገዱ ዘንበል ብሏል። ስልኩ ይታያል። ልጁ አሁን 6 ተኩል ጭንቅላት ነው። ፀጉርና ቆዳ ገና ነው።

ሀ_ብሎ_ጀማሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:34

ድምፅ ሳልከፍት፣ ጽሑፉን ሳላነብ አየሁት። ሰውዬው ስልክ ላይ ነው፣ ልጁ ሊያናግረው ፈልጎ ተወው። ገባኝ። ዓይኔ ከልጁ አልወጣም። 152 ላይ ግን ሰውዬው እግሩን ሲያነሳ የተንሳፈፈ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፍሬም_በፍሬም
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:01

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ሰውዬው ቆሞ ነው ያለው። ሳጥኑ ላይ ያለውን እግር አውርዶ ሌላውን ሊያነሳ ሲል መጀመሪያ ክብደቱ መሬት ወደረገጠው አዲሱ እግር መሻገር አለበት። ተነስታችሁ ሞክሩት፤ ዳሌያችሁ ሳይሻገር ሌላኛው እግር አይነሳም። በቪዲዮው ዳሌው ከ140 እስከ 165 ድረስ ባለበት ነው። እግሩ ብቻ ነው የሚሄደው። ቸርችል፣ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ዳሌውን ወደዚያ ጎን አሻግረው፣ ትንሽም ዝቅ ይበል። ሌላው እግር የሚነሳው ከ4 ወይም 5 ፍሬም በኋላ ይሁን። ቁልቁለት ላይ ስለሆነ አንዱ ጉልበቱ ከሌላው በላይ ይታጠፋል።

ከ84 እስከ 110 ያለው መጠበቅ በጣም ቆንጆ ነው። ቀና ሊል ጀምሮ የሚተውበትን ቦታ ስታለሰልስ ተጠንቀቅ። አሁን በዘለለው ላይ የሚታየው ማመንታት በለስላሳ ከርቭ ሊጠፋ ይችላል።

ሰባራ_ባቡር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:20

አሁን ልጅ ነው። ትከሻው ልክ ነው፣ አንገቱም። ጉልበቱ ከኋላ በኩል አሁንም 133 ላይ ይሰበራል፤ ሉፖቹ ልክ ናቸው፣ ችግሩ ዌይቱ ነው። የብሌንደሩን ፋይል በቴሌግራም ላክልኝ፣ ቀብቼ እመልስልሃለሁ። የት የት እንደነካሁም በስክሪን ቀርጬ አሳይሃለሁ፣ ሌላውን ጉልበት ራስህ ትሠራዋለህ። ቪዲዮዎቹንም ወደፊት እንደ ፋይል ላካቸው፣ እንደ ቪዲዮ ስትልክ ቴሌግራም ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ቸርችል_ቁልቁለት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:41

ፋይሉን ልኬልሃለሁ። ዳሌውን ነገ እጀምራለሁ። ዶሮ_ማነቂያ፣ ካለህ አንድ ጊዜ የብሩሹን አያያዝ እይልኝ።

ዶሮ_ማነቂያ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:15

አየሁት። መምቻው አሁን ልክ ነው፣ በእንጨቱ ነው። ጫማውን ሲነካ ግን ብሩሹን በጡጫ ጨብጦታል። ያኔ ላላ ብሎ በጣት ጫፍ ነው የሚያዘው። አውራ ጣቱን ወደ እንጨቱ ጠርዝ አምጣው፣ ትንሿን ጣት ልቀቃት። ካርቶኑን ደግሞ እግሩ ከመነሳቱ በፊት ከዚያኛው ጫማ ነቅሎ ወደዚህኛው ማዞር አለበት።